ሟች ያልነበረበት ለቅሶ

ወፍጮ ቤት ያረጀ ሰው ቀስ ብሎ ማውራት አይችልም። ቆቦ ላይ ማሽላ ስፈጭ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ሞተሩ ጠፍቶ እንኳ እንደምጮህ ሚስቴ ትነግረኛለች። ቁጡ ነህ ይሉኛል፤ ነኝ። ተራ የሚዘል ሰው አልወድም። እርጥብ ማሽላ አምጥቶ "ደረቅ ነው" ብሎ የሚምልልኝን አልወድም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠበቅ አልወድም። ይሄን አስቀድሜ መናገሬ፣ ቀጥሎ በማወራው ነገር ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዳይጠፋችሁ ነው። ሰፈሩ ብዙ ቀን በጥሩምባ ነፊው ሲያሳብብ ከርሟል። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፤ የኔ ነው።

ሴት ልጄ አሁን ሰባት ዓመቷ ነው። ግራ ዓይኗ ሰው ሠራሽ ነው። ቁጣዋን ከኔ ወርሳለች፤ ወፍጮ ቤት ተራ ሊዘሉ የሚሞክሩ ልጆችን "ዓይኔን አውጥቼ አሳይሃለሁ" እያለች ታባርርልኛለች። እነሱም ያምኗታል፣ አንድ ጊዜ አድርጋዋለችና።

ሦስት ዓመት ሳይሞላት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በር ላይ ስትቆም፣ ዓይኗ ውስጥ ነጭ ነገር ብልጭ ይል ነበር። መጀመሪያ ያየችው ሚስቴ ናት። "ይሄ ነገር ምንድነው?" ብላ አሳየችኝ። እኔ ምን አልኩ? ልጄ ቆንጆ ልትሆን ነው አልኩ። ዱቄት የሚጠብቁትን ሴቶች ጠርቼ አሳየኋቸው፤ እነሱም አድንቀው መረቁልኝ። ዓይኗ ሲቀላና ሲያብጥ ግን ጊዜው የጦርነት ሆኖ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ስንት ወር ቤት ውስጥ ይዘናት ከረምን። መንገዱ ሲከፈት አዲስ አበባ ወሰድኳት፤ አንዲት የዓይን ሐኪም በመብራት አየቻትና ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ የዓይን ካንሰር ነው አለችኝ፤ ትንንሽ ልጆችን የሚይዝ። "ልጅን ደሞ ካንሰር ይይዘዋል?" አልኳት። እኔ የማውቀው ካንሰር የትልቅ ሰው በሽታ ነበር። ይይዛል አለችኝ፤ ዓይኗ ካልወጣ ልጅህ አትተርፍም አለችኝ። ወጣ። መድኃኒቱን ወሰደች፣ ፀጉሯ ረገፈ፣ ደግሞ በቀለ። ተረፈች፣ ተመስገን።

ከዚያ ወንድ ልጅ ተወለደልን። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ለዚያች ሐኪም ራሱ ደውዬ ነገርኳት። ደስ አላት፤ ቀጥላ ግን "ይሄ በሽታ አንዳንድ ጊዜ በዘር ይሄዳል። የልጁ ዓይን በየወሩ መታየት አለበት" አለችኝ።

በየወሩ። ከቆቦ አዲስ አበባ፣ ገና ያልጠና ሕፃን ታቅፎ፣ መንገዱ አንዱን ሳምንት ክፍት ሌላውን ሳምንት ዝግ በሆነበት ዘመን። ሁለት ጊዜ ሄድን፤ ሁለቱንም ጊዜ ንጹህ ነው ተባልን። ሦስተኛው ላይ ጎብዬ ስንደርስ ማለፍ አይቻልም ተብለን ተመለስን። በአራተኛው ጭራሽ ከቤት አልተነሣንም። በየጠዋቱ ልጄን ደጅ አውጥቼ፣ ብርሃን ፊት አድርጌ ዓይኑን አያለሁ። ሚስቴ "ተወው፣ አታስጨንቀው" ትለኛለች፤ እኔ ወደ ወፍጮ ስወጣ ግን እሷም ያንኑ ታደርጋለች። ሐኪሟ አስቀድማ ነግራኛለች፦ በራቁት ዓይን የሚታይ ሲሆን ዘግይቷል ማለት ነው። ያን እያወቅኩ ነው የማየው።

አንድ ቀን ሐኪሟ ራሷ ደወለች። የታመሙ ልጆች ወላጆችና ሐኪሞች ያቋቋሙት አንድ ማኅበር አለ፤ ለሕፃናት ካንሰር ጥናት ገንዘብ ያሰባስባል። አሁን ሊያስጠና ያሰበው ይሄን ነው፦ በሽታው የታየበት ቤት ያሉ ታናናሾችና ለክትባት የሚመጡ ሕፃናት በያሉበት ከተማ ዓይናቸው ቢመረመር፣ በሽታው ሳይከፋ ሊገኝ ይችላል ወይ? በጥቂት ከተሞች ይሞከራል። በየወሩ የዓይን ሐኪም ከነመሣሪያዋ ትመጣለች። የማኅበሩ ገንዘብ ግን ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ሕዝቡ የራሱን ድርሻ ያዋጣበት ከተማ ቅድሚያ ያገኛል። "ቆቦ እስከ ወሩ መጨረሻ ድርሻዋን ካዋጣች ትገባለች" አለችኝ።

እውነቱን ልናገር። ለአገሩ ሕፃናት ሁሉ አዝኜ አይደለም የተነሣሁት። ለወንድ ልጄ ዓይን ነው። ጥናቱ ቆቦ ካልመጣ የልጄን ዓይን የሚያይልኝ ሰው የለም፤ ነገሩ ይሄው ነው። ሐኪሟም ይሄን ሳታውቅ አልቀረችም፤ "ለልጄ ነው ብለህ ሰብስበህ ለጥናት እንዳትሰጥ። ሰው የሰጠው ለምን እንደሆነ ይወቅ" ብላ አስጠነቀቀችኝ።

እሷ ያላወቀችው የኛን አገር ሰው ነው። እዚህ ቆላ ሰው ሰጪ ነው፣ አይሰስትም። ግን ሲሰጥ "የማን ልጅ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። የታመመውን ማወቅ ይፈልጋል፤ ሲድን ሊስቅለት፣ ሲሞት ሊያለቅስለት። ለጥናት መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ማን ያውቃል? ወፍጮ ቤት ለመጣው ሁሉ በሞተሩ ላይ እየጮህኩ አስረዳሁ። አንዱ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ብሎ ዱቄቱን ተሸክሞ ወጣ። ከዋጃ የሚመጣ አንድ ደንበኛዬ ደግሞ፣ ደግ ገበሬ ነው፣ ትከሻዬን ይዞ "ለልጅህ ከሆነ ነገ በግ ልሽጥ። ለጥናት ከሆነ ግን እስቲ ጥናቱን አሳየኝ" አለኝ። ምን ላሳየው? ከሁለት ሳምንት ልመና በኋላ የያዝኩት ለትራንስፖርት እንኳ የማይበቃ ነበር።

ያኔ ነው ቅሬው ትዝ ያለኝ። የሰፈራችን ቅሬ ሙስሊም ክርስቲያኑን አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ያስቆፍራል፣ ያዋጣል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል። ሰብሳቢው እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። ሱቃቸው ሄድኩ።

"ቅሬ ለሞተ ነው፤ ደንቡ ላይ ተጽፏል። ለታመመ ወዳጃ አለ፣ ተሰብስበን ዱዓ እናደርጋለን" አሉኝ።

"ልጆቹ እስኪሞቱ ልንጠብቅ ነው እንግዲህ፣ ሐጂ?"

"አትቆጣ፣ አንተ ልጅ።"

"አልተቆጣሁም።"

"ታዲያ ለምን ትጮህብኛለህ? እኔ ማሽላ አላስፈጭ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ በሆዴ እያጉረመረምኩ ልወጣ ስል መልሰው ጠሩኝ። "የቅሬውን ገንዘብ ልሰጥህ አልችልም። ሰዉን ግን ልሰጥህ እችላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ቤትህ ይሰብሰቡና ራስህ አስረዳ። ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በአፍ ይነገራቸው" አሉኝ።

በአፍ! በአፍ ተነግሮት ስብሰባ የሚመጣ ሰው መቼ አይቼ አውቃለሁ? ግማሹ ይረሳል፣ ግማሹ "ሰማሁ" ብሎ ይተኛል። ለጥሩምባ ግን የሚቀር የለም። የቅሬ ጥሩምባ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል፤ ከቅጣቱም ይልቅ ነገ በራሱ ቀን ብቻውን መቅረቱን ይፈራል። እኔም በአፍ መንገሩን ትቼ፣ ለሐጂም ሳልነግር ወደ ጥሩምባ ነፊው ሽማግሌ ሄድኩ። "አባቴ፣ ቅዳሜ ማለዳ ንፉልኝ፤ ቅሬው እኔ ቤት ይምጣ፣ ስለ ልጂቱ ጉዳይ ነው በሉ" አልኳቸው። ከዓይን ሕመሟ ጀምሬ ላስረዳቸው ብዬ ነበር "ስለ ልጂቱ" ያልኩት። ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝና "እሺ ልጄ፣ እግዜር ያበርታህ" አሉኝ። ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም። ተራ ምርቃት መስሎኝ "አሜን" ብዬ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ተነፋ። እኔ ደስ ብሎኝ ተነሣሁ። ግቢውን አስጠረግሁ፣ ሰው የሚቀመጥበት እንዲኖር ዱቄት የሞላውን ማዳበሪያ ሁሉ ወደ ጥግ ሰበሰብኩ። ልጄ ማዳበሪያው ሥር ጠጠሮቿን ዘርግታ ቅልብልቦሽ መጫወት ጀመረች። ሚስቴ ውስጥ ሆና ሕፃኑን ታጠባለች።

መጀመሪያ የሰማሁት የሴቶችን ድምፅ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ እኛ እየቀረበ። ማን ሞተ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። ከፊት የሰፈራችን ሙሾ አውራጅ አሮጊት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ይመጣሉ። ከኋላቸው ሰፈሩ በሙሉ። ከሰዉ ኋላ ጋሪ፣ በጋሪው ላይ የቅሬው ድንኳንና አግዳሚ ወንበር። ሙሾው ተሰማኝ፦

ባንድ ዓይኗ አይታን ለሁለት የበቃች፣
ምነው ሳትነግረን በማለዳ ወጣች።

ያኔ ነው የገባኝ። ጥሩምባው በዚህ ከተማ ከተሠራ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ እኔ ነኝ ሌላ ነገር እንዲናገርልኝ የላክሁት። ልጂቱ ካንሰር እንደነበረባት የማያውቅ የለም። ጥሩምባ ተነፋ፣ የት ሲሉ የወፍጮው ሰውዬ ቤት፣ ለምን ሲሉ ስለ ልጂቱ። ሌላ ምን ያስቡ?

ሚስቴ ለቅሶው ግቢያችን ውስጥ ሲገባ ሰምታ እንደ እብድ ወጣች። ሕፃኑን ደረቴ ላይ ጣለችውና ሮጣ ልጂቱን አነሣች፤ አገላብጣ አየቻት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ልቧን አዳመጠች። ልጄ "ጠጠሬን በተንሽው" ብላ ተቆጣቻት። ሚስቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ልጇን እንዳቀፈች፣ ሰው ሁሉ ሊያለቅስላት የመጣውን ለቅሶ ብቻዋን አለቀሰችው። በዚያን ቀን ያደረግኩባትን እስከ ዛሬ ይቅር ብላኛለች ብዬ አላምንም።

አሮጊቷ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደቀረ ቆመዋል። ልጄ ከናቷ እቅፍ ወጣ ብላ ሰዉን አየችና "ማነው የሞተው?" አለች።

ሰዉ ሁሉ ወደ አሮጊቷ ዞረ።

"ስለኔ ነው አይደል የገጠሙት?" አለቻቸው አሮጊቷን። "ደግመው ይበሉት እስቲ። ያማረ ነው።"

አሮጊቷ "ይሄን አፌን ይቁረጠው" ብለው ጎንበስ አሉና እጇን፣ ግንባሯን፣ ፀጉሯን ሳሟት። ከዚያ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር በሰዉ መሐል ዞረ። አንዱ "መቃብር ቆፋሪዎቹ" ሲል ጮኸ፤ ጎረምሶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ኖሯል፣ ሰው በሩጫ ተልኮ መለሳቸው። ሐጂ ሲገቡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ልጂቱን ሲያዩ "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ወደ እኔ ዞረው ግን "አንተ ሰውዬ፣ በሰው ልብ ትቀልዳለህ?" አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ተናገር እንግዲህ" አሉኝ። "ሰዉ መጥቶልሃል።"

ሕፃኑን እንደታቀፍኩ ተናገርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጮህ ተናገርኩ፣ ጉልበቱ ከየት ይምጣ? የልጄ ዓይን እንዴት እንደጠፋ፣ በጊዜ ቢታይ እንደማይጠፋ፣ ጥናቱ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ይሄ የታቀፍኩት ልጅ መታየት እንዳለበትም አልደበቅሁም። "ገንዘቡ ግን ለሱ ብቻ አይደለም። እናንተ የማታውቁት፣ እኔም የማላውቀው ልጅ ነው የሚታይበት፤ የጎብዬም፣ የሮቢትም፣ ያልተወለደውም" አልኩ።

ከወደኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ "ለማናውቀው ልጅ እንዴት ነው የሚዋጣው? ቢያንስ የማን ልጅ እንደሆነ መታወቅ የለበትም?" ሲሉ ጠየቁ።

የመለሱት አሮጊቷ ናቸው። ገና ልጄን አልለቀቋትም።

"የኔም ልጅ ዓይን ያበራ ነበር" አሉ።

ሰዉ ዞሮ አያቸው። እኒህ ሴት ለሰው ሁሉ ልጅ ሲያለቅሱ እንጂ የራሳቸው ልጅ እንደነበራቸው ከኛ ዕድሜ የሚያውቅ አልነበረም።

"ብልጭ ብልጭ ይል ነበር፣ ልክ እሱ እንዳለው። የበላው ሰው አለ ተባልኩ፣ ጸበል ወሰድኩ፣ ሼሁም ጋ ወሰድኩ፣ ያልሄድኩበት የለም። ዓይኑ ወጥቶ እዚህ ድረስ አበጠ። ዕድሜዬን ሙሉ ማን እንደበላብኝ ሳስብ ኖሬ፣ ስንቷን ጎረቤቴን በሆዴ ስጠረጥር ኖሬ፣ በሽታ መሆኑን ዛሬ ሰማሁ።" ከመቀነታቸው ለለቅሶው ይዘውት የመጡትን ፈትተው ሐጂ እግር ሥር አስቀመጡ። "የማን ልጅ ነው ላላችሁት፣ የኔ ልጅ ነው በሉ።"

ሐጂ ጎንበስ ብለው አነሡትና "ለለቅሶ ከቤት የወጣ ገንዘብ ወደ ቤት አይመለስም፤ ነውር ነው። ደንቡ ለቀብር አዋጡ ይላል። ለማይቀበሩት አታዋጡ የሚል ግን አላነበብኩም" አሉ። የዋጃው ደንበኛዬ እንኳ ጥሩምባውን የሰማ ዘመድ ደውሎለት መጥቶ ነበር፤ ጥናቱን አሳየኝ ሳይል የያዘውን አስቀመጠ። ሴቶቹ ያመጡት ንፍሮም አልተመለሰም፤ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ልጄ መሐል ተቀምጣ፣ ለራሷ ለቅሶ የመጣውን ንፍሮ በልታ ጠገበች። ሐጂ ጥሩምባ ያለ ሞት በማስነፋቴ ቀጡኝ፤ የድንኳኑን ገመድ ሁሉ በአዲስ ቀየርኩ። የሚገባኝ ነው።

ማኅበሩ በኋላ የላከው ቅጽ ላይ "ገንዘቡ የተሰበሰበበት መንገድ" የሚል ቦታ ነበረው። ብዙ አስቤ "ለቅሶ" ብዬ ሞላሁት። ሐኪሟ ደውላ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ የአሮጊቷን ነገር ደግመህ ንገረኝ አለችኝ።

ቆቦ ገባች። የመጀመሪያው ምርመራ ቀን ጤና ጣቢያው በእናቶች ሞልቶ ነበር። ሐኪሟ ራሷ መጣች። የልጄ ተራ ሲደርስ ዓይኑን የሚከፍት ጠብታ አደረገችለትና ትንሽ ቆይታ መብራቱን ግንባሯ ላይ አሰረች። ሚስቴ ጭንቅላቱን ያዘች። እግሩን የያዘችው እህቱ ናት፤ "እኔ አውቅበታለሁ" ብላ ማንንም አላስጠጋችም፤ "ዓይንህን አትጨፍን፣ አያምም፣ አብሽር" ትለዋለች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ የሐኪሟን ፊት አያለሁ። ቀኙን አየች። ወደ ግራው ዞረች። እዚያ ቆየች። ደግማ አየች።

መብራቱን አጥፍታ "አለ" አለችን። "በጣም ትንሽ ነው፣ ጤፍ ብታህል ነው። በዚህ ሳምንት አዲስ አበባ አምጡት፣ በጨረር እንተኩሰዋለን። ዓይኑም አይወጣም፣ ያያል።"

ሚስቴ ልጁን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። እኔ የክትባት ሳጥን ላይ ቁጭ አልኩ። "ያያል" የሚለውን ብቻ ነው የያዝኩት።

ልጄ ግን የወንድሟን እግር አልለቀቀችም። ሐኪሟን ቀና ብላ አየቻት።

"የኔም ጤፍ ታህል ነበር?"

ሐኪሟ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ከልጅ ጋር የማትዋሽ ሴት ናት፤ ወንበሯን ወደ ልጄ አስጠጋችና "አዎ፣ አንድ ሰሞን ነበረች" አለቻት።

ልጄ የወንድሟን እግር ቀስ አድርጋ ለቀቀችና ወደ እኛ ዞራ "ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ቶሎ ውሰዱት እንጂ" አለች። መንገዱ ክፍት ነበር፤ በማግስቱ ማለዳ ተሳፈርን።